የባዮሎጂ ፕሮፌሰር የነበረው ብሬት ዋይንስታይን፦ ወንድሜ ለቤተሰብ ግሩፕ የላከው ድምፅ

መምህር_አዳማ (ክሩን የከፈተው) — መጋቢት 2 ቀን 2016፣ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን የማማክረው ሰው አጥቼ ነው የመጣሁት።

ታናሽ ወንድሜ ዋሽንግተን ስቴት ነው የሚኖረው። ሌሊት ሌሊት የጭነት መኪና ይነዳል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ፖድካስት ሲያዳምጥ ያድራል። ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ከአፉ የማይጠፋ አንድ ስም አለ፤ ብሬት ዋይንስታይን። «የባዮሎጂ ፕሮፌሰር ነበር፣ እውነት ስለተናገረ አባረሩት» ይለኛል። እኔም ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ስለማስተምር ነው መሰል፣ ይሄ ሰው የአንተ ቢጤ ነው እያለ ሊንክ ይልክልኛል። አንዳንዱን ሰምቼዋለሁ። ስለ ዝግመተ ለውጥ ሲያወራ በጣም ጥሩ አስረጂ ነው፤ ያንን አልክድም። ከእሱ ወስጄ ክፍል ውስጥ የተጠቀምኩበት ምሳሌም አለ።

ባለፈው ሳምንት ግን ወንድሜ ለቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ የድምፅ መልእክት ላከ፤ ሰባት ደቂቃ፣ በአማርኛ። ዋይንስታይን በየካቲት በአሜሪካዊው ጆ ሮጋን ፖድካስት ላይ ቀርቦ፣ ኤች አይ ቪ የኤድስ መንስኤ አይደለም የሚለው ክርክር ከገመተው በላይ ጠንካራ ሆኖ እንዳገኘው ተናግሯል። ወንድሜ ይህንን በራሱ ቋንቋ አብራርቶ «ፕሮፌሰሩ እንዳለው በሽታውን ያመጣው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱ ራሱ ነው ሰው የጨረሰው» ብሎ ደመደመ።

በግሩፑ ውስጥ ሃያ ሦስት ሰው አለ። ከሃያ ሦስቱ አንዷ ለ18 ዓመት ያን መድኃኒት ስትውጥ የኖረች ሰው ናት። አክስታችን ናት ልበል፤ ዝምድናውንም ሌላውንም ዝርዝር ትንሽ ቀይሬዋለሁ። ከቤተሰቡ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ በ1998 ዓ.ም. ክሊኒክ ያደረስኳት እኔ ስለሆንኩ። የብልቃጡን ወረቀት ልጣ ትጥላለች። ፍሬው እንዳይንኳኳ ውስጡን ጥጥ ትሞላዋለች። የምታስቀምጠው ጓዳ፣ ከበርበሬው ጣሳ ጀርባ ነው። ማታ በ2 ሰዓት ስልኳ ሲጮህ «የጸሎት ሰዓቴ ነው» ብላ ትነሳለች። ልጆቿ እንኳ እንደዚያ ብለው ነው የሚያውቁት።

መልእክቱን እንዳዳመጠችው አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ግሩፑ ላይ ምንም አልጻፈችም። ወንድሜን «አጥፋው» ብለው ለምን ይለኛል፤ ምክንያቱን ልነግረው አልችልም፤ ምስጢሩ የእሷ ነው። በዕውቀት ልሞግተው ብል ደግሞ እሱ ፕሮፌሰር ይጠቅሳል፣ እኔ የሃይስኩል መምህር ነኝ።

ስለዚህ ሰውዬ በደንብ የምታውቁ እስኪ ንገሩኝ። ማን ነው? የቱ ላይ እውነት አለው? የቱ ላይ ነው የሳተው?

---

የሲያትል_ሹፌር — መጋቢት 2 ቀን

ጋሼ፣ የወንድምህን ሕይወት እኔም እኖረዋለሁ። በአይ 5 መንገድ በሳምንት አራት ጊዜ ኦሎምፒያን አልፋለሁ፤ ሰውዬው ያስተምርበት የነበረው ኤቨርግሪን ስቴት ኮሌጅ እዚያ ነው፣ ከሲያትል ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ገደማ። ታሪኩን ከሥሩ ካልያዝከው ከወንድምህ ጋር መነጋገር አትችልም፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ክፍል ላይ ወንድምህ አብዛኛውን ልክ ነው።

ኤቨርግሪን የመንግሥት ኮሌጅ ነው። ግን እንደ ሌላው አይደለም፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚባል ውጤት የለም፣ መምህሩ ስለ ተማሪው በጽሑፍ ነው የሚገመግመው። ተማሪ አምስት ኮርስ በትኖ አይወስድም፤ አንድ ፕሮግራም ይዞ ከአንድ ወይም ከሁለት መምህር ጋር ሙሉ ጊዜውን ይቀመጣል። ዋይንስታይንና ባለቤቱ ሄዘር ሃይንግ፣ እሷም ባዮሎጂስት ናት፣ እዚያ ከአሥር ዓመት በላይ አስተምረዋል።

በኮሌጁ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከ1970ዎቹ ጀምሮ «የመቅረት ቀን» የሚባል ልማድ ነበር። በዓመት አንድ ቀን ጥቁርና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ከግቢ ይቀሩና የእነሱ አለመኖር ምን እንደሚያጎድል እንዲታይ ያደርጋሉ። በ2017 ተገለበጠ፤ በዚያ ቀን ነጮቹ ከግቢ ውጪ ባለው ፕሮግራም እንዲሳተፉ ተጠየቁ። ዋይንስታይን በመጋቢት ኢሜይል ጻፈ። ፍሬ ነገሩ፣ ሰዎች ራሳቸው መርጠው መቅረታቸው አንድ ነገር ነው፣ ሌላውን ሰው «አንተ ከግቢ ቅር» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፣ የመናገርም ሆነ የመገኘት መብት በቆዳ ቀለም መወሰን የለበትም የሚል ነው። ኮሌጁ ደግሞ ተሳትፎው በፈቃደኝነት ነው፣ ማንም አልተገደደም አለ።

ግንቦት 23 ቀን 2017 ተማሪዎች ክፍሉ ድረስ መጥተው ከበቡት። ቪዲዮው አለ፤ ሊያስረዳ ሲሞክር ይጮሁበታል፣ ዘረኛ ይሉታል፣ ሥራህን ልቀቅ ይሉታል። የግቢው ፖሊስ ደኅንነቱን መጠበቅ እንደሚቸግረው ስለነገረው አንዱን ክፍለ ጊዜ ከተማው ውስጥ መናፈሻ ላይ አስተማረ። ከዚያ በቴሌቪዥን ወጥቶ ተናገረ፣ ነገሩ አገር አቀፍ ሆነ። ሌላ ወገን ደግሞ በተማሪዎቹ ላይ ዛቻ ጀመረ፤ ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ስልክ ደውሎ መጥቼ እተኩሳለሁ ስላለ ግቢው ተዘጋ። ይሄኛውን ክፍል ፖድካስት ላይ ብዙ አትሰማውም።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኮሌጁ 500,000 ዶላር ለባልና ሚስቱ ከፍሎ ተስማሙ፤ ጥፋቱን አላመነም። ሁለቱም ሥራቸውን ለቀቁ። ስለዚህ «አባረሩት» የሚለው ቃል በቃል ልክ አይደለም። ግን አስተማሪ ተማሪዎቹ ፊት እንደዚያ ሲዋረድ አይቶ ያልተቆጣ ሰው ካለ እኔ አልገባኝም።

---

ነፃ_ሐሳብ — መጋቢት 3 ቀን

መምህር፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ ለአክስትዎም እግዚአብሔር ጤና ይስጥልኝ። እኔ ዳላስ ነው የምኖረው፤ ዳርክሆርስ የሚባለውን የዋይንስታይንን ፖድካስት ከ2019 ጀምሮ ነው የማዳምጠው። ሰውዬውን ከመኮነናችሁ በፊት ጥቂት ነገር ልበል።

ኮቪድ ሲገባ፣ ቫይረሱ ከዉሃን ላቦራቶሪ አምልጦ ሊሆን ይችላል፣ ይጣራ ብለው በግልጽ ከተናገሩት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ያን ጊዜ ይህን ያለ ሁሉ እብድ ነበር የሚባለው። ዛሬ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው በዚህ ጉዳይ አንድ ሐሳብ የላቸውም። ጭምብል አድርጉ ሲልም ቀድሞ ነበር። ቀኝ አክራሪ ነው ይሉታል፤ እሱ ግን ራሱን የግራ ሰው ነው ብሎ ነው የሚጠራው፣ በ2018 ምክር ቤት ቀርቦ ስለ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመሰክርም ይህንኑ ነው ያለው።

ያደግኩት ሰው አንድ ቃል ቢያመልጠው ጎረቤት በሚያሳጣው ጊዜ ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ጥያቄ በመጠየቁ ሦስት ወር ታስሯል። ስለዚህ አንድ ሰው በኮሌጅ አዳራሽ ተከቦ ሲጮኽበት፣ በኋላ ደግሞ በ2021 ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢውን ሲቆርጥበት ሳይ ልቤ ወደ እሱ ያደላል። ይሄን አልደብቅም። ጥያቄ የሚፈራ ሥርዓት መጨረሻው ምን እንደሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቃለን።

---

ሲስተር_ቲ — መጋቢት 3 ቀን

መምህር፣ አስቀድሜ ይህን ልበልዎት፤ ነገ ሳይሆን ዛሬ ይደውሉላት። ስለ ፕሮፌሰሩ አያንሱባት። «መድኃኒትሽን ወስደሻል?» ብቻ ይበሏት። ከመድኃኒቱ በላይ የሚያስፈራኝ ዝምታዋ ነው።

ወንድም ነፃ_ሐሳብ፣ አባትህን ነፍስ ይማር ወይም ዕድሜ ይስጥልኝ፣ የትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ። ጥያቄ መጠየቅ መብት ነው። ግን ይሄኛው ጥያቄ ተጠይቆ፣ ተመልሶ፣ መልሱ በሰው ሬሳ የተጻፈ ጥያቄ ነው።

ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ሆስፒታል ነው የሠራሁት። በዚያን ጊዜ የሕክምና ክፍሉ ግማሽ አልጋ በኤድስ ሕሙማን ነበር የተያዘው። የምንሰጣቸው ባክትሪም ነበር፣ የፈንገስ ቅባት ነበር፣ ከዚያ በላይ የለንም። እናት ትሞታለች፣ ከወር በኋላ ሕፃኑ ይከተላታል። በአገራችን መድኃኒቱ በክፍያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 መጀመሪያ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ። በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧት፣ 34 ኪሎ የምትመዝን ሴት፣ በስድስተኛው ወር በእግሯ መጥታ ዳቦ ጋግራ አመጣችልን። እኔ ራሴ አላወቅኋትም፤ ካርዷን አይቼ ነው ስሟን የጠራሁት። መድኃኒቱ ነው ሰው የጨረሰው የሚለውን ስሰማ የማስበው እሷን ነው።

በዚያ ፖድካስት ላይ እንደ ሌላ ምክንያት የተነሳው ፖፐርስ የሚባል፣ በአሜሪካ አንዳንድ ሰዎች በጭፈራ ቤት የሚያሸቱት ነገር ነው። እኔ ያዋለድኳቸው የገበሬ ልጆች ስሙን ሰምተው አያውቁም። ሕፃናቱስ? ምንም ሕክምና ካልተደረገ በቫይረሱ ከተያዘች እናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው፤ እናትየው መድኃኒት ከወሰደች ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ቫይረሱ መንስኤ ካልሆነ፣ ቫይረሱን ብቻ የሚያግድ መድኃኒት እንዴት ሕፃኑን ያድናል? ደም ተሰጥቷቸው የተያዙት የሄሞፊሊያ (ደማቸው አልረጋ የሚላቸው) ሕሙማንስ?

ይህ ክርክር አዲስም አይደለም። በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ፒተር ዱስበርግ ከ1987 ጀምሮ ሲለው ነበር። እሱም ፕሮፌሰር ነው፣ ያውም በካንሰር ጂን ምርምር ስም ያለው። የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ አመኑት፤ በ2000 ባቋቋሙት አማካሪ ቡድን ውስጥ አስገቡት፤ መድኃኒቱ ለሕዝቡ እንዳይደርስ ዘገየ። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ስሌት፣ በዚያ መዘግየት ከ330,000 በላይ ሰው ያለ ጊዜው ሞቷል፣ 35,000 ሕፃናትም ከቫይረሱ ጋር ተወልደዋል።

በእኛም አገር የራሳችን ነበረን። እንጦጦ ጸበል ሲሄዱ «መድኃኒቱን ጣሉት፣ እምነት ይጎድላችኋል» የሚሏቸው ነበሩ። ጥለው የሄዱትን በኋላ ተቀብለናቸዋል። ያን ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ ሁለቱ አይጣሉም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ያ ቃል ለእኛ ለነርሶቹ ምን እንደነበር አልችልም ለመግለጽ። ስንት ሰው ተመለሰ።

---

ነፃ_ሐሳብ — መጋቢት 3 ቀን

አባቴ በሕይወት አለ ሲስተር፣ አመሰግናለሁ። ስለ ኤች አይ ቪ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም። ግን አንድ ሰው በአንድ ነገር ስለተሳሳተ ሌላው ሁሉ ውድቅ ነው?

---

የመድኃኒት_ቤት_ልጅ — መጋቢት 4 ቀን

ነፃ_ሐሳብ፣ ውድቅ አይደለም። የላቦራቶሪውን ጉዳይ ለብቻው እየው፤ የኤቨርግሪንንም ለብቻው። ችግሩ ሰውዬው ራሱ ለብቻ አላያቸውም። እኔ ፋርማሲስት ነኝና እሱ ለኮቪድ ይሠራል ስላለው መድኃኒት፣ ስለ አይቨርሜክቲን ልናገር፤ ይሄ ነገር ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው።

የተወለድኩት ከፋ ነው። በወንዝ ዳር ጥቁር ዝንብ የሚመጣውና ቆዳን አሳክኮ ዓይን የሚያጠፋው ኦንኮ እኛ ጋ ብዙ ነበር። አይቨርሜክቲን እ.ኤ.አ. በ2001 ለእኛና ለሸካ አካባቢ በዘመቻ መታደል ጀመረ። የጤና ሠራተኞች ሚዛን አልነበራቸውም፤ ምልክት የተሠመረበት ረጅም ዱላ ይዘው ይመጡ ነበር። ከዱላው አጠገብ ያቆሙሃል፣ ቁመትህ የደረሰበት ምልክት ስንት ፍሬ እንደምትውጥ ይናገራል። እኔ ሁለት ፍሬ ነበርኩ፣ ታላቄ ሦስት። አያቴ ሌሊት ሲያኩ የሚያድሩት ሰውዬ እንቅልፍ መተኛት ጀመሩ። ስለዚህ መድኃኒቱን «የፈረስ መድኃኒት» እያለ የሚሳለቅ አሜሪካዊ ሳይ እኔም እናደዳለሁ። ለግኝቱ ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራና ዊሊያም ካምቤል በ2015 ኖቤል የተሸለሙበት ነው። አምራቹ መርክም ከ1987 ጀምሮ ለዚህ በሽታ በነፃ ይሰጠዋል።

ግን የትል መድኃኒት ነው። ለኮቪድ የታሰበው በ2020 አውስትራሊያ ውስጥ ላቦራቶሪ ላይ፣ በሴል ውስጥ ቫይረሱን እንደቀነሰ ስለታየ ነው። እዚያ የተጠቀሙት መጠን ሰው በሚወስደው ልክ ደም ውስጥ ከሚደርሰው እጅግ ይበልጣል። ላቦራቶሪ ሳህን ላይማ በረኪናም ቫይረስ ይገድላል። ቀጥሎ ጥቃቅን ጥናቶች መጡ። ትልቁን ውጤት ያሳየው ከግብፅ የወጣው ነበር፤ በቁጥሮቹ ላይ ጥያቄ ተነስቶ በሐምሌ 2021 ከድረ ገጹ ተነሳ። ዋይንስታይን ግን በዚያው ዓመት ሰኔ፣ በአግባቡ ከተሠራበት ይህ መድኃኒት ብቻውን ቫይረሱን ከምድር ሊያጠፋው ይችላል እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ክትባቱን ትቶ እሱን እንደሚወስድም ተናግሯል።

ከዚያ ትክክለኛው ፈተና ተደረገ። ብራዚል ውስጥ 1,358 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ አይቨርሜክቲን፣ ገሚሱ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ፍሬ ወሰደ፤ ውጤቱ በመጋቢት 2022 ታተመ። ሆስፒታል ከመግባት አላዳነም። በአሜሪካ የተደረገውም እንዲሁ። አንዳንድ አገር ላይ የሠራ የመሰለበትን ምክንያት ሌሎች ፈልገውታል፤ ሆድ ውስጥ ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ትል በሚበዛበት አገር ለኮቪድ ሕመምተኛ ስቴሮይድ ሲሰጥ ትሉ በሰውነት ውስጥ ከመጠን በላይ ሊራባ ይችላል፤ አይቨርሜክቲን የወሰደው ደግሞ ከትሉ ይድናል። ይሄ ለእኔ የዚህ ሁሉ ወሬ ምርጡ ክፍል ነው። መድኃኒቱ ሰው አድኖ ሊሆን ይችላል፤ ያዳነው ግን ሲሠራው ከኖረው ሥራ ነው።

ይሄን የመሰለ መልስ ሲመጣ የባዮሎጂ መምህር የነበረ ሰው ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ፈተናዎቹ እንዲወድቁ ሆነው ተዘጋጁ ነው ያለው። እኔ የራቅሁት እዚህ ላይ ነው።

---

ሐበሻ_ስቶክሆልም — መጋቢት 4 ቀን

የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፣ በሴል እርጅና ላይ። ይህን ሰው በሳይንሱ በኩል የማውቀው ስለሆነ ትንሽ ልጨምር፤ ለመምህር ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ዋይንስታይን ባዶ ሰው አይደለም። ሳንታ ክሩዝ በታላቁ የዝግመተ ለውጥ ሊቅ በሮበርት ትራይቨርስ ሥር ተምሯል፣ ዶክትሬቱን እ.ኤ.አ. በ2009 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አግኝቷል። በ2002 ከአንዲት ባልደረባው ጋር ያሳተመው ጽሑፍ ጥሩ ሐሳብ ነው። ክሮሞሶም ጫፍ ላይ ቴሎሜር የሚባል ክፍል አለ፤ ሴል በተከፈለ ቁጥር ያጥራል። አጭር ከሆነ ሴሉ መራባት ያቆማል፤ ከካንሰር ይጠብቅሃል ግን ያስረጅሃል። ረጅም ከሆነ ቁስልህ ቶሎ ይጠግናል፣ ካንሰር ግን ይቀርብሃል። የላቦራቶሪ አይጦች ቴሎሜር ከዱር አይጦች ይረዝማል፤ እሱም ይህ ከአረባባቸው የመጣ ሊሆን ይችላል፣ በእነዚህ አይጦች የሚፈተን መድኃኒት ሁሉ ከሚገባው በላይ ደኅና መስሎ ይታያል አለ። የመጀመሪያው ግማሽ አስተዋይ ነው። የመድኃኒቱ ግማሽ ግን መላምት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ አይጥ ላይ ብቻ ተፈትኖ አይቀርም፣ ሌላ እንስሳም ሰውም አለ።

የእሱን ፖድካስት ስሰማ የሚሰማኝን በቅንነት ልናገር። ያ ጽሑፍ የሚገባውን ትኩረት አላገኘም ብሎ ያምናል፤ በኋላ ኤቨርግሪን መጣ። ሁለት ጊዜ ሥርዓቱ እሱን ገፍቶ እሱ ልክ ነበርኩ የሚልበት ታሪክ ሆነ። ከዚያ በኋላ ብዙኃኑ አይ ባሉት ቁጥር ልክ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ይመስለዋል። በጥር በአሜሪካዊው አቅራቢ ታከር ካርልሰን ዘንድ ቀርቦ ክትባቱ 17 ሚሊዮን ሰው ገድሏል የሚል ግምት ሲያነሳ ሰምቼ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሄጄ አየሁ። ክትባት በተሰጠበት ወቅት የሞተ ሰው በዝቷል ከሚል የተቀዳ ነው፤ በዚያው ወቅት ራሱ ኮቪድ ሲጋልብ እንደነበር አይቆጥርም። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይህን ይዞ ቢመጣ መምህር ዋይንስታይን ራሱ «ቆይ፣ ሌላ ምክንያት የለም ወይ?» ይለው ነበር። ጥሩ መምህር እንደነበረ ተማሪዎቹ ይመሰክራሉና።

ክፍል ውስጥ ተማሪ አለ፣ የሥራ ባልደረባ አለ፣ የሚያርምህ አለ። ማይክ ፊት ሲቀመጥ ከጎኑ ያለችው ባለቤቱ ናት፣ ማዶ ያለው ደግሞ የሚወደው አድማጭ ነው። ይሄ ያሳዝነኛል። ከልቤ ነው የምለው።

---

የሜሪላንድ_እናት — መጋቢት 4 ቀን

የምጽፈው አጭር ነው። ባለቤቴ በመስከረም 2021 ነው ያረፈው፣ 51 ዓመቱ ነበር። ክትባት አልወሰደም፤ «ጠብቂ፣ ገና እየተጠና ነው» እያለኝ። ታክሲ ሲነዳ ይሄንና ይሄን የመሳሰለ ያዳምጥ ነበር። የዚህ ሰው ጥፋት ነው አልልም፤ ሌላም ብዙ ነበር የሚሰማው፣ ከጓደኞቹም ከቤተ ክርስቲያን ሰዎችም። እኔ ራሴ ተከትቤ ነበር፤ እሱን ግን አጥብቄ አልያዝኩትም፤ ጭቅጭቅ ስለማልወድ። መምህር፣ ወንድምህን አጥብቀህ ያዘው። ቢቀየምህም።

---

መምህር_አዳማ — መጋቢት 5 ቀን

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ጽሑፍሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ሲስተር፣ ደውዬላት ነበር። «እየወሰድኩ ነው» አለችኝ፤ ግን ድምፅዋ የወትሮው አልነበረም። ቅዳሜ ቡና ልጠጣ መጣሁ ብያታለሁ፣ እሄዳለሁ።

ወንድሜን ግን የማወራበት መንገድ እስካሁን አልታየኝም። ሰብስቤ የያዝኩት ማስረጃ ሞልቷል፤ ዱስበርግ፣ ምቤኪ፣ የሕፃናቱ ቁጥር። ግን ይህን ሁሉ ባዘንብበት የሚሰማው ታላቅ ወንድሙ ሲቆጣው ብቻ ነው።

---

የሲያትል_ሹፌር — መጋቢት 5 ቀን

ጋሼ፣ አታዝንብበት። ሌሊት ሲነዳ ደውልለት፤ እዚህ ሌሊት ሲሆን አንተ ጋ ቀን ነው። ሌሊት የሚነዳ ሰው ስልክ ሲደወልለት ደስታውን አትችለውም። ከኤቨርግሪን ጀምር። «ያንን ጊዜ በድለውታል፣ ልክ ነህ» በለው፤ ከልብህ። እኔን ከዚህ ነገር ያወጣኝ የአጎቴ ልጅ እንደዚያ ነው ያደረገው፤ መጀመሪያ የተስማማልኝ ሰው እሱ ነበር። ከዚያ «ለመሆኑ ይሄ ሰው ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው አክሞ ያውቃል?» ብለህ ጠይቀው። ሌላ ምንም አትጨምር። መንገዱ ረጅም ነው፣ ያስብበታል።

ስለ ምስጢሩ ደግሞ፦ «ኢትዮጵያ ውስጥ በየግሩፑ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው አለ፣ አንተም እኔም አናውቃቸውም» ማለት ትችላለህ። እውነት ነው፣ ማንንም አይጠቁምም።

---

ነፃ_ሐሳብ — መጋቢት 6 ቀን

ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ሳስብ ነው። ስለ ኮሌጁም ስለ ላቦራቶሪውም ያለኝ አቋም አልተቀየረም። ዩቲዩብ ያደረገበትም ትክክል አይመስለኝም፤ ሰው በማስረጃ ይመለስ እንጂ አፉ አይዘጋ። ግን የመድኃኒት ቤት ልጅ የጻፈውን የብራዚሉን ጥናት ሄጄ አነበብኩት። እኔ እስከ ዛሬ የሰማሁት ስለ ጥናቱ የተባለውን ነበር እንጂ ጥናቱን አንብቤው አላውቅም ነበር።

የኤች አይ ቪውን ክፍል እኔም ለሦስት ሰው ልኬ ነበር። ሦስቱንም ዛሬ ደውዬ አነጋግሬያቸዋለሁ።

---

ሲስተር_ቲ — መጋቢት 6 ቀን

ተባረክ ልጄ። አባትህን ሰላም በልልኝ።

---

መምህር_አዳማ — መጋቢት 7 ቀን፣ ማታ

የተጨነቃችሁልኝ ሁሉ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ወንድሜን ሐሙስ ደወልኩለት። አንድ ሰዓት ከሩብ አወራን። ሹፌሩ እንዳለው ከኮሌጁ ጀመርኩ፤ ሲስቅ ሰማሁት፣ «አንተም አየኸው?» አለኝ። ስለ ቴሎሜር አወራን፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ያህል ጊዜ ስለ ባዮሎጂ አውርተን አናውቅም። ጥያቄውን ስጠይቀው ዝም አለ። ከዚያ «አላከመም መሰለኝ» አለ። መልእክቱን አላጠፋውም። ግን ማታ ከሥሩ አንድ የጽሑፍ መልእክት አኖረ፦ «መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች በእኔ ወሬ እንዳታቋርጡ፣ ሐኪም ጠይቁ።» በዚህ ሰዓት ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ዛሬ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ቡናው እስኪፈላ ስለ ኑሮ አወራን። ልጆቹ ሲወጡ እኔ ምንም ሳልል ራሷ አነሳችው። «ያ ፈረንጅ ምን ያስተምር ነበር?» አለችኝ። ስለ እንስሳት፣ ስለ ዝግመተ ለውጥ አልኳት። ስኒውን ስታጥብ ቆየችና፣ መልእክቱን በሰማች ማግስት ክሊኒክ ሄዳ ነርሷን እንደጠየቀች ነገረችኝ። ነርሷ ካርዷን አውጥታ ከዓመት ዓመት የተለካውን የቫይረስ መጠን በጣቷ እየጠቆመች አሳየቻት። «አንድ ቀን አልዘለልኩም» አለችኝ፤ «ግን ሦስት ቀን አልተኛሁም።»

በ2 ሰዓት ስልኳ ጮኸ። ወደ ጓዳ ገባች፣ የጣሳው ድምፅ ተሰማኝ፣ ውሃ ጠጣች። ተመልሳ ስትቀመጥ የጠየቀችኝ ስለ ወንድሜ ነው። «ልጁ ግን ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚነዳው? መቼ ነው የሚተኛው?» አለችኝ።